ብሮንዝ ከመግዛት በፊት
የአባቴን ቮልስ ሞተር ካወረድኩ በኋላ፣ በአሮጌው ብሮንዝ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር አይቼ ልገዛ ነበር። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ስለ ብሮንዙ እንጂ ስለ ክራንክሻፍቱ አይደለም። ስለዚህ ክራንክሻፍቱን አጥቤ ካደረቅኩት በኋላ ጋራዡ ውስጥ አሳደርኩት፤ የሞቀ ብረት ልኬቱን ይለውጣል።

ጠዋት ማይክሮሜትሩን ቢዬላ በሚታሰርበት የመጀመሪያው አንገት ላይ አሳረፍኩ፦ 54.98። አዲስ ሲሆን 55 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ደስ አለኝ። እዚያው ሩብ ዙር አዙሬ ስለካ ግን 54.92 ሆነ። 0.06 ሚሊ ሜትር! በዓይን አይታይም፣ በጥፍርም አይታወቅም፤ አንገቱ ግን ሞላላ ሆኗል። እዚህ ላይ አዲስ ብሮንዝ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው፤ የዘይቱ ሽፋን በሳሳበት በኩል ብረት ከብረት ይገናኛል።

ስለዚህ አራቱም የቢዬላ አንገቶች በማሽን ተሞርደው ወደ 54.75 ገደማ ይወርዳሉ፤ ብሮንዙም 0.25 የተጻፈበት ይሆናል። የምገዛው ግን ክራንክሻፍቱ ከቶርኖ ቤት ሲመለስ ራሴ ደግሜ ለክቼ ነው።