ገንዘቡ ተገኘ፤ በሩስ ተከፈተ?

የኤፍ. ስኮት ፊትዝጄራልድ «ታላቁ ጋትስቢ» በኤፕሪል 1925 ሲወጣ የታተመው ከ20,000 በጥቂቱ የሚበልጥ ቅጂ ነበር። በዚያው ዓመት 3,000 ተጨመረ። ደራሲው በዲሴምበር 1940፣ በ44 ዓመቱ፣ ሆሊውድ ውስጥ በልብ ሕመም ሲሞት ከሁለተኛው ኅትመት የተረፈው ቅጂ ገዢ አጥቶ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉን ከሞት ያስነሳው ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ወታደሮች በነጻ ከታደሉት የኪስ መጻሕፍት አንዱ ሆነና ከ150,000 በላይ ቅጂ ተሠራጨ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ገባ፤ እስካሁንም አልወጣም።

የአሜሪካ ሕልም ስለሚባለው ነገር ክርክር በተነሳ ቁጥር ይህ መጽሐፍ ይጠቀሳል። ክርክሩ ያረጀ ነው። የደኻ ልጅ በጥረቱ ብቻ ትልቅ ሰው የሚሆንበት አገር በእርግጥ አለ ወይስ ይህ ደኻን ማባበያ ነው? አንዱ ወገን ከባዶ ተነስተው የከበሩትን ይቆጥራል፤ ሌላው እዚያው የቀሩትን ይቆጥራል። ልብ ወለዶቹን በቅርበት ላነበበ ግን የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነገር ነው። ደኻ ሀብታም ሊሆን መቻሉን ብዙዎቹ አይክዱም። የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ሀብት ያገኘው ሰው ቀድመው ሀብታም በነበሩት ዘንድ ሰው ሆኖ ይቆጠራል ወይ? የገንዘቡን ጥያቄ ከበሩ ጥያቄ ለይተን ካላየን ክርክሩ ሌላ መቶ ዓመት ቢቀጥልም ፍሬ ያፈራል ብዬ አላምንም።

ወጉ የሚጀምረው ከልብ ወለድ በፊት ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1723፣ በ17 ዓመቱ፣ ከቦስተን ጠፍቶ ፊላደልፊያ ገባ። ጥቂት ሳንቲም ነበረችው፤ በየብብቱ ዳቦ ወሽቆ አንዱን እየገመጠ በከተማው መንገድ ሲያልፍ የኋላ ሚስቱ ከደጃፏ ቆማ አይታዋለች። አታሚ ሆኖ ከበረ፤ ቀጥሎ የሳይንስ ሰው፣ ቀጥሎም ከአገሪቱ መሥራቾች አንዱ ሆነ። በግለ ታሪኩ 13 በጎ ምግባራትን ዘርዝሮ በየቀኑ ያጓደለውን በትንሽ ደብተር ላይ በጥቁር ነጥብ ያሰፍር እንደነበር፣ ንጋት 11 ሰዓት ተነስቶ ቀኑን በሰዓት ይከፍል እንደነበር ነግሮናል። ከዚያ በኋላ የተነሳ ትጉህ አሜሪካዊ ሁሉ ይህን ደብተር በዓይነ ኅሊናው ይዞ የኖረ ይመስለኛል።

ይህን ወግ ለልጆች ያዳረሰው ሆሬሺዮ አልጄር ነው። በ1868 በመጽሐፍ መልክ የወጣው ዝነኛ ሥራው ዲክ ስለሚባል ቡትቷም የኒው ዮርክ ሊስትሮ ይተርካል። ዲክ ማንበብ ይማራል፣ ገንዘብ ይቆጥባል፣ ታማኝ ነው። ሰው ስለ አልጄር ሲያወራ ጀግኖቹ በላባቸው ሚሊየነር የሆኑ ይመስለዋል፤ መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም። ዲክ በጀልባ ሲሻገር አንድ ሕፃን ውኃ ውስጥ ይወድቃል፤ ዘሎ ያወጣዋል። የሕፃኑ አባት ባለጸጋ ነጋዴ ነው፤ ዲክን በሳምንት 10 ዶላር እየከፈለ በጸሐፊነት ይቀጥረዋል። እንግዲህ ትጋቱ ልጁን አዘጋጀው እንጂ በሩን አልከፈተለትም። የከፈተለት አጋጣሚና የአንድ ሀብታም ምስጋና ነው። አልጄር ይህን ሳይደብቅ ጽፎታል፤ አንባቢዎቹ ናቸው የረሱት።

ፊትዝጄራልድ ሁለቱንም ወጎች አሳምሮ ያውቃል። ጋትስቢ ከተገደለ በኋላ ከሚኔሶታ ለቀብር የመጡት አባቱ አንድ ያረጀ የካውቦይ መጽሐፍ ከኪሳቸው ያወጣሉ። ልጃቸው፣ ያኔ ገና ጄምስ ጋትዝ ሳለ፣ በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ በሴፕቴምበር 1906 የቀኑን ፕሮግራም ጽፎበታል። ጠዋት 12 ሰዓት መነሳት፣ ቀጥሎ ስፖርት፣ ቀጥሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ኤሌክትሪክ ማጥናት፣ ከዚያ ሥራ። ወደ ማታ አነጋገርና አቋም መለማመድ፤ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ደግሞ ዓለም የሚያስፈልጓትን አዳዲስ ፈጠራዎች ማጥናት። ከሥሩ የገባው ቃል አለ። ሲጋራ ማቆም፣ ቀን እየዘለለ ገላ መታጠብ፣ በየሳምንቱ የሚጠቅም ነገር ማንበብ፣ ለወላጆቹ የተሻለ ልጅ መሆን። በሳምንት 5 ዶላር እቆጥባለሁ ብሎም ነበር፤ 5ቱ ተሰርዞ 3 ተተክቷል። ከመጽሐፉ ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህ ስርዝ ነው። ልጁ ሒሳቡን ያውቅ ነበር፤ አቅሙን ለክቶ ሕልሙን አስተካክሏል። በ17 ዓመቱ፣ ፍራንክሊን ፊላደልፊያ በገባበት ዕድሜ፣ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳርቻ ስሙን ጄይ ጋትስቢ ብሎ ለወጠ።

ከዚህ ሁሉ ትጋት ግን አንዱም አላከበረውም። ኤሌክትሪኩም ቁጠባውም ቀረ። ያከበረው በጃንዋሪ 1920 ሥራ ላይ የዋለው የመጠጥ ክልከላ ነው። በዚያ ሕግ ፋርማሲዎች በሐኪም ማዘዣ አልኮል መሸጥ ይችሉ ነበር። ጋትስቢና ሸሪኩ በኒው ዮርክና በቺካጎ ጓሮ መንገዶች ያሉ ፋርማሲዎችን እየገዙ ያለ ማዘዣ መጠጥ ቸበቸቡ። በኋላም የተሰረቀ ቦንድ ንግድ ተጨመረበት። መጽሐፉን የሚያስተምሩ አንዳንዶች እዚህ ላይ ቆመው ጋትስቢ ወንጀለኛ ነበር፣ የእጁን አገኘ ይላሉ። ይህ አነጋገር ጋትስቢ የሚመኛት የዴዚ ባል ለሆነው ለቶም ቡካናን ያደላል። ቶም ሳይሠራ የወረሰው ሀብት አለው፤ ለሙሽራው ዴዚ 350,000 ዶላር የሚያወጣ የዕንቁ ሐብል ያሰረላት እሱ ነው። ሰው ሞቶ እንኳ የሚጠይቀው የለም።

ስለ ጋትስቢ ሲጻፍ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የሚታየው አረንጓዴ መብራት ይነሳል። እኔ በስድስተኛው ምዕራፍ ያለችውን አጭር ትዕይንት እመርጣለሁ። ቶም፣ ስሎን የሚባል ሰውና አንዲት ወይዘሮ በፈረስ ሲንሸራሸሩ ጋትስቢ ቤት ጎራ ብለው ይጠጣሉ። ወይዘሮዋ መጠጡ ሞቅ ሲያደርጋት ጋትስቢን እራት ትጋብዘዋለች። እሱ እሺ ይላል፤ ፈረስ ስለሌለኝ በመኪና እከተላችኋለሁ ብሎ ለመዘጋጀት ይገባል። ውጭ የቀሩት ይገረማሉ፤ ቶም ሰውዬው እንደማትፈልገው አይገባውም እንዴ ይላል። ጋትስቢ ኮፍያውን ይዞ፣ ካፖርቱን አንጠልጥሎ በበሩ ብቅ ሲል ፈረሶቹ ጥላው ውስጥ እየጠፉ ነው።

እኛ ይህ ቶሎ ይገባናል። ማዕድ ላይ ያለ ሰው ለአላፊው ሁሉ «እንብላ» ይላል፤ አላፊውም «ይባረክ» ብሎ ይሄዳል። ጋትስቢ ግን ግብዣውን እውነት ብሎ ተቀበለ። ያላወቀው ይህን ነው፤ በ17 ዓመቱ ሊማረው የማይቻል፣ በገንዘብም የማይገዛ፣ ከሕፃንነት ጀምሮ ከቤት የሚቀዳ ነገር። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለውን አባባል ባይሰማውም የኖረው በእሱ ነው። ገንዘቡን ለገንዘብነቱ አልወደደውም፤ በራሱ ግብዣ ላይ ሲጠጣ እንኳ አናየውም። ፍጹም ነገር አለ ብሎ ያምን ነበር፤ ያንን ነገር በዴዚ ውስጥ አስቀመጠው፤ መንገዱም ሀብት መሰለው። በየሳምንቱ ቅዳሜ በመቶ የሚቆጠር ሰው የበላበት ቤት ነበረው፤ ለቀብሩ ግን አባቱ፣ ጎረቤቱ ኒክ፣ ጥቂት አገልጋዮች፣ ፖስተኛውና አንድ የቀድሞ እንግዳ ብቻ ተገኙ።

ፊትዝጄራልድ ይህን በራሱ ቀምሶታል። በ1919 ዜልዳ ሴይር ኑሮው አላስተማመናት ብሎ ቃል ኪዳናቸውን አፈረሰች። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በማርች 1920 መጨረሻ ሲወጣ በኤፕሪል መጀመሪያ ተጋቡ። በ1922 ሎንግ አይላንድ ላይ በግሬት ኔክ፣ በአዲስ ሀብታሞቹ ሰፈር ቤት ተከራዩ፤ ከውኃው ማዶ የነባሮቹ መኖሪያ ነበር። በመካከል፣ ወደ ኒው ዮርክ በሚወስደው መንገድ፣ የከተማው አመድ የሚደፋበት የኮሮና ሜዳ ነበር። በልብ ወለዱ ውስጥ ያሉት ሦስቱ ዓለማት ከዚህ የተቀዱ ናቸው።

በሩ ምሳሌ ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያው ምዕራፍ ቶም እራት ላይ ነጭ ዘር ሊዋጥ ነው የሚል መጽሐፍ አንብቦ ይሰብካል። «ታላቁ ጋትስቢ» ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1924፣ የአሜሪካ ኮንግረስ የደቡብና የምሥራቅ አውሮፓ ስደተኞችን በኮታ ያጠበበ፣ ለእስያውያን ደግሞ በሩን ከሞላ ጎደል የዘጋ ሕግ አጽድቆ ነበር። በተከፈተው ዘመን የገባው ሰው ታሪክም ተጽፏል። የአብርሃም ካሃን «የዴቪድ ሌቪንስኪ መነሳት» (1917) ከሩሲያ በ4 ሳንቲም መጥቶ በልብስ ስፌት ንግድ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያፈራ አይሁዳዊ ታሪክ ነው፤ ድሎቱ ሁሉ የትናንቱን ተማሪ ልጅ አልመለሰለትም። ቴዎዶር ድራይዘር ደግሞ ጋትስቢ በወጣበት ዓመት መጨረሻ «አሜሪካዊ ሰቆቃ»ን አሳተመ፤ የጎዳና ሰባኪ ልጅ የሆነው ክላይድ ከሀብታም ልጅ ጋር ለመጋባት ሲል ያረገዘችለትን ሠራተኛ ሊገድላት ሐይቅ ላይ ወስዶ ስትሰምጥ ዝም ይላታል። መነሻው በ1906 የተፈጸመ እውነተኛ ግድያ ነው።

የሚያስገርመው፣ የአሜሪካ ሕልም የሚለው ሐረግ በሰው አፍ የገባው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ መሆኑ ነው። ያስፋፋው የታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ትረስሎ አዳምስ በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ነው፤ ጊዜው የሥራ አጥነትና የባንክ ኪሳራ ዘመን ነበር። እሱም ሕልሙ የመኪናና የደመወዝ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን፣ ሰው የትም ይወለድ የት የተፈጥሮ ችሎታው እስከሚያደርሰው ደርሶ በዚያው ልክ በሌሎች ዘንድ መታወቁ እንደሆነ አስረዳ። ቤትና መኪና ማለት ነው ብለን የምንይዘው ትርጉም ሐረጉን ካስፋፋው ሰው ሐሳብ ጋር ይጋጫል።

ከጦርነቱ በኋላ ጥያቄው ወደ መድረክ ወጣ። በአርተር ሚለር «የሻጩ ሞት» (1949) ዊሊ ሎማን ከሥራ ተባሮ፣ በሕይወት ከመኖር ሞቶ 20,000 ዶላር የኢንሹራንስ ገንዘብ ለልጁ ማስገኘት ይሻላል ብሎ ራሱን ያጠፋል። በሎሬን ሃንስቤሪ «ዘቢብ በፀሐይ» (1959) ደግሞ ያንገር የተባለ የቺካጎ ጥቁር ቤተሰብ አባት ሞቶ የ10,000 ዶላር ቼክ ይመጣል። በሁለቱም ቤት ዕድሜ ልክ የተሠራው ሥራ ያላመጣውን ገንዘብ ሬሳ አመጣው። ነገር ግን ልዩነታቸው ይበልጣል። የዊሊ ችግር ገንዘብ ነው። የያንገር ቤተሰብ እናት ቼኩን ይዘው በነጮች ሰፈር ለቤት ቀብድ ይከፍላሉ፤ የሰፈሩ ማኅበር ተወካይ መጥቶ በትሕትና፣ አትምጡብን፣ ከከፈላችሁት በላይ እንሰጣችኋለን ይላቸዋል። ገንዘቡ ከእነሱ ዘንድ እያለ በሩ በገንዘብ ሊዘጋ ነው። ሃንስቤሪ ይህን ከሐሳቧ አላመጣችውም። አባቷ በቺካጎ የነጮች ሰፈር ቤት በመግዛታቸው ተከሰው ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1940 ተፈርዶላቸዋል። ቤተሰቡ በተውኔቱ መጨረሻ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ በዚያ ሰፈር ምን እንደሚጠብቃቸው ግን ተመልካቹ ያውቃል።

ኢኮኖሚስቶች የገንዘቡን ጥያቄ ብቻ በቁጥር ይዘውታል። በ2012 የፕሬዚዳንት ኦባማ የኢኮኖሚ አማካሪ አለን ክሩገር፣ የሀብት ልዩነት በሰፋበት አገር የልጅ ዕጣ ከወላጁ ዕጣ ጋር ይበልጥ እንደሚታሰር የሚያሳየውን ሥዕል «የታላቁ ጋትስቢ ኩርባ» ብሎ አቀረበ። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1940 ከተወለዱ አሜሪካውያን 90 በመቶ ያህሉ ከወላጆቻቸው የበለጠ ገቢ እንዳገኙ፣ በ1980ዎቹ ከተወለዱት ግን ግማሾቹ ብቻ እንደሆኑ አሳዩ። ይህ ከባድ ማስረጃ ነው፤ አልጄርን ለሚያምን ሁሉ መልስ ያስፈልገዋል። ጋትስቢን ትቶት በፈረስ የሄደው ስሎን ግን በዚህ ሥዕል ላይ አይታይም። ጋትስቢ በቼቲ ሰንጠረዥ ቢገባ ከአባቱ እጅግ አብልጦ ያገኘ ስኬታማ ልጅ ሆኖ ይቆጠራል።

ዲቪ መሙላት የየዓመቱ ሥራ ሆኖ በቆየበት አገር ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። በአዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ አሜሪካ የገባው ዲናው መንግሥቱ በ2007 ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ከእነዚህ ሁሉ ጋር መደርደሪያ ላይ ቦታ አለው። ርዕሱን «ሰማይ የያዛቸው ውብ ነገሮች» ልንለው እንችላለን። አባቱን በአብዮቱ ያጣው ሴፋ እስጢፋኖስ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል በተጎሳቆለ ሰፈር ትንሽ ግሮሰሪ ይዟል። ከኬንያና ከኮንጎ ከመጡ ሁለት ጓደኞቹ ጋር ማታ ማታ ተቀምጠው የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥቶች በዓመትና በአምባገነን ስም እየተጠያየቁ ይጫወታሉ። አጎቱ ብርሃነ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ደብዳቤ ይጽፋሉ። ሴፋ እንደ ጋትስቢ አይመኝም፤ የሱቁን ኪራይ እንኳ በወቅቱ አይከፍልም።

ሴፋ ወደ ሀብታሞች ሰፈር አልሄደም፤ ሀብታሞቹ ናቸው ወደ እሱ የመጡት። ጁዲት የምትባል ነጭ ምሁር ከጎኑ ያለውን የፈረሰ ትልቅ ቤት ገዝታ ታሳድሳለች፤ ትንሽ ልጇ ናኦሚ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ከሴፋ ጋር ዶስቶየቭስኪን ታነባለች። እራት ይጋበዛል፤ ግብዣው እውነተኛ ነው፣ ቤቱም በሰው ፍቅር የተሞላ ነው። ሆኖም የቤቱ መታደስ የሰፈሩን ዋጋ እያናረ ነባሮቹን ተከራዮች ያስወጣል፤ ከሚነቀሉትም አንዱ ራሱ ሴፋ ሊሆን ነው። ጋትስቢ ፈረስ አጥቶ ከውጭ ቀረ። ሴፋ ገብቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የሚበላበት ጠረጴዛ ነው የሱቁን ኪራይ የሚያስወድደው።