ያውቁ ኖሯል? ወጥመዱ ወይስ የቆመበት ቦታ?

በአውሮፓ የስፕሩስ ደኖች የቅርፊት ጥንዚዛን ወደ ወጥመድ የሚስቡ ሁለት ማማለያ ሽታዎችን የሚያነጻጽር ተመራማሪ፣ ሳያስበው ሽታውን ሳይሆን ቦታውን ሊለካ ይችላል። ፀሐይ የሚያገኘው ወይም አዲስ ከተቆረጠ ግንድ አጠገብ የቆመው ወጥመድ፣ ሽታው ደካማ ቢሆንም ብዙ የቅርፊት ጥንዚዛ ሊይዝ ይችላልና። ስለዚህ ደኑ በምድብ ይከፈላል፤ በየምድቡ ሁሉም ማማለያዎች ይገኛሉ፤ የትኛው የት እንደሚቆም በዕጣ ይወሰናል። ከየቆጠራው በኋላ ቦታ ማቀያየርም ውጤቱን ይበልጥ ፍትሐዊ ያደርገዋል።

ምንም ሽታ የሌለበት ወጥመድ ደግሞ የግድ ነው። እሱ ከሌለ ጥንዚዛው ተስቦ ይምጣ በአጋጣሚ ይግባ አይታወቅም፤ ወጪ ይቀነስ ቢባል እንኳ መጨረሻ ሊነካ የሚገባው ይህ ነው።

ወጥመዶች ከተቀራረቡ ሽታቸው ይደባለቃል፤ ብዙ ጊዜ 25 ሜትርና ከዚያ በላይ ይራራቃሉ። ከጤናማ ስፕሩስም መራቅ አለባቸው፤ ጥንዚዛዎቹ የሚሰባሰቡበት ሽታ (ፌሮሞን) ወንዱንም ሴቷንም ስለሚጠራ፣ የተጠሩት ወጥመዱን ትተው ሕያው ዛፍ ሊወርሩ ይችላሉ።

የወጥመዱ ቅርጽም ለውጥ ያመጣል። የነፍሳት ተመራማሪው ስታፋን ሊንድግረን እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው ወጥመድ፣ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ የሆኑ ጥቁር ፕላስቲኮች ተደራርበው የተሠራ በመሆኑ የቆመ ግንድ ይመስላል። ጥንዚዛው ከሽታው ሌላ ቅርጹንም ያያል፤ ማማለያዎች ሲወዳደሩ ወጥመዱ አንድ ዓይነት የሚሆነውም ለዚህ ነው።