ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና መለማመጃ ሲመረጥ የታተመበት ዓመት ይታይ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና አዋሽ ሰባት ኪሎን አልፎ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ በኩል ሰመራ ይደርሳል። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ያለው ርቀት ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ መስመር በትምህርት ቤቶች፣ በጤና ተቋማትና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግሉ ባለዲግሪ ባለሙያዎች ለሁለተኛ ዲግሪ ሲያመለክቱ ከፊታቸው የሚቆመው የመግቢያ ፈተና ነው።

ቀደም ሲል ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ አመልካቾቻቸውን በየራሳቸው ፈተና ይመርጡ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የትምህርት ሚኒስቴር አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ሥራ ላይ አውሏል። የሰመራ ዩኒቨርሲቲ መከፈት ከፍተኛ ትምህርትን ለአፋር ክልል ነዋሪ አቅርቦታል፤ የፈተናው ውጤት ካልተሟላ ግን የቦታው ቅርበት ብቻውን በር አይከፍትም። በውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል የሚፈልጉ ደግሞ እንደየትምህርት ክፍሉ ጥያቄ ጂአርኢ ወይም ጂማት የተሰኙትን ፈተናዎች ይወስዳሉ። ውጤት ያልመጣለት ተፈታኝ ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ስለሚኖርበት፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ የተቆጠበችውን ጥቂት ጊዜ በምን ላይ እንደሚያውላት አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።

በብዙ ተፈታኞች እጅ የሚገኘው መለማመጃ ከጓደኛ የተወረሰ ፎቶ ኮፒ ወይም በፍላሽና በስልክ ሲዘዋወር የቆየ ቅጂ ነው። ሽፋኑ ስለሌለ መቼ እንደታተመ አይታወቅም። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ጂአርኢ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 በተደረገበት ለውጥ ተቃራኒ ቃል መፈለግና የቃላት ዝምድናን ማነጻጸር ከፈተናው ወጥተዋል፤ በሒሳቡ ክፍልም በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ የሚታይ የሒሳብ ማስያ ተፈቅዷል። የነጥብ አሰጣጡም ከ200 እስከ 800 መሆኑ ቀርቶ ለእያንዳንዱ ክፍል ከ130 እስከ 170 ሆኗል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ደግሞ ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋው ፈተና ወደ አንድ ሰዓት ከ58 ደቂቃ አጥሯል። ጂማትም በዚያው ዓመት ተለውጦ የዓረፍተ ነገር እርማት ጥያቄዎችን አስቀርቷል። ስለዚህ የቀድሞውን መጽሐፍ ይዞ ተቃራኒ ቃላትን ለወራት የሚሸመድድ ሰው የሚዘጋጀው ለሌለ ፈተና ነው።

ይህ ሲባል አሮጌው መጽሐፍ ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። ምጣኔ፣ መቶኛና አማካይ አያረጁም። የሒሳቡን ምዕራፎች ለክለሳ መጠቀም ይቻላል። የፈተናውን መልክና የጊዜ አከፋፈል ግን ከእነርሱ መማር አይገባም።

አገር አቀፉን ፈተና የሚወስዱ አመልካቾች መነሻቸው ሚኒስቴሩ ለዙሩ የሚያወጣው ማስታወቂያና መመሪያ ሊሆን ይገባል። የጂአርኢ መጽሐፍ ለዚህ ፈተና በአጋዥነት ሊያገለግል ቢችልም በፈተናው ቦታ አይተካም። «የወጣ ፈተና» እየተባለ የሚሸጠው ወረቀት በአንጻሩ ምንጩ አይታወቅም፤ መልሱም ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው።

ሌላው መመዘኛ የመልሱ ማብራሪያ ነው። አንድ የጭነት መኪና ከአዋሽ ተነስቶ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢሄድና ያንኑ መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢመለስ፣ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል? ብዙዎች ሁለቱን ደምረው ለሁለት በማካፈል 50 ይላሉ። መኪናው ግን ለመሄድ 2 ሰዓት፣ ለመመለስ 3 ሰዓት ፈጅቶበታል፤ 240 ኪሎ ሜትር ለ5 ሰዓት ሲካፈል መልሱ 48 ነው። «መልሱ ለ ነው» ብሎ የሚያልፍ መጽሐፍ 50 ያለውን ተፈታኝ የት እንደሳተ አያሳየውም፤ በሌላ ጊዜም እዚያው ይሳሳታል። አንድ ሺህ ጥያቄ በፊደል መልስ ብቻ ከያዘ መጽሐፍ ይልቅ ሁለት መቶ ጥያቄ ከነምክንያቱ የሚያስረዳው ይበልጣል።

የተሳሳቱ ጥያቄዎችን በደብተር መመዝገብም የመለማመጃው አካል ነው። ስህተቱ ትምህርቱን ካለማወቅ፣ ጥያቄውን አጣሞ ከማንበብ ወይስ ጊዜ ከማለቁ የመጣ እንደሆነ በአንድ ቃል ይጻፋል። ሦስቱ የተለያየ መድኃኒት አላቸው። ንባብ ለሚከብደው ተፈታኝ የቃላት ዝርዝር ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ አፋርኛ ወይም አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው በእንግሊዝኛ ረዘም ያሉ ጽሑፎችን በየቀኑ ቢያነብ ይሻለዋል።

የጊዜው ነገር በወረቀት ብቻ አይለመድም። በአሁኑ ጂአርኢ ለ27 የሒሳብ ጥያቄዎች 47 ደቂቃ፣ ለ27 የቋንቋ ጥያቄዎች 41 ደቂቃ ይሰጣል። በየክፍሉ የሁለተኛው ምድብ ክብደትም በመጀመሪያው ምድብ ውጤት ይወሰናል፤ ይህንን የታተመ መጽሐፍ ሊያሳይ አይችልም። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ ፓወርፕሬፕ በሚል ስም ሁለት ሙሉ መለማመጃ ፈተናዎችን በነፃ ያቀርባል። ገንዘብ አውጥቶ መጽሐፍ ከመግዛት በፊት እነዚህን ማየት ይቀድማል።

ሁለቱን በአንድ ሳምንት መጨረስ ግን ብክነት ነው። አንደኛው በዝግጅቱ መጀመሪያ ድክመትን ለመለየት፣ ሁለተኛው ፈተናው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቢሠራ ይመረጣል። የቀትሩ ሙቀት በሚበረታባቸው በአዋሽና በሰመራ ለዚህ የሚመቸው የንጋት ሰዓት ነው። መብራት ወይም ኢንተርኔት መሐል ላይ ቢቋረጥ ልምምዱ ስለሚበላሽ፣ ባትሪው በተሞላና በማይቋረጥ መስመር በተገናኘ ኮምፒውተር፣ ስልክ ተዘግቶ፣ ሁለቱን ሰዓት ሳይነሱ መሥራት ያስፈልጋል።