የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሌሊቱን የት እንደሚያድር ጠይቁ

ከአዲስ አበባ የሚደወል ስልክ በዚህ ዘመን የኤሌክትሪክ መኪና ሳያነሳ አይዘጋም። «ቤንዚን ቀረ እኮ! ማታ ትሰኩታላችሁ፣ ጠዋት ሞልቶ ታገኙታላችሁ» ይሏችኋል። ልጆቻችሁም ድምፅ የሌለው መኪና ባለፈ ቁጥር «እኛስ መቼ ነው የምንገዛው?» ይላሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ግን አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ለሚኖር ሰው ሌላ፣ ዱርንፎንቴን ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ሌላ ነው። እንግዲህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ነገሩን አብረን እንየው።

እዚያ ለምን በዛ? እዚህ ለምን ተወደደ?

ኢትዮጵያ ውስጥ መንግሥት በሁለት በኩል ገፍቶበታል። በ2022 የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። ተገጣጥሞ የሚገባው መኪና 15 ከመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 ከመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ሆነ፤ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ መጥቶ አገር ውስጥ የሚገጣጠመው ደግሞ ምንም አይከፍልም። ከዚያ በጥር 2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ መሆኑ ነው፣ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አዲስ መኪና የፈለገ ሰው ሌላ ምርጫ የለውም።

ደቡብ አፍሪካ ነገሩ ግልባጭ ነው። ከአውሮፓ የሚመጣ የቤንዚን መኪና 18 ከመቶ ቀረጥ ሲከፍል የኤሌክትሪኩ 25 ከመቶ ይከፍላል። በዚያ ላይ የቅንጦት ቀረጡና 15 ከመቶ ቫት አለ። ለዚህ ነው እዚህ አገር የኤሌክትሪክ መኪና ለዓመታት የሀብታም ዕቃ ሆኖ የቆየው።

አሁን ዋጋው እየወረደ ነው። በ2025 የገባው ቢዋይዲ ዶልፊን ሰርፍ በ339,900 ራንድ ነው የጀመረው። ሆኖም እንደ ሱዙኪ ኤስ-ፕሬሶ ያለች ትንሽ የቤንዚን መኪና ከ200 ሺህ ራንድ በታች ተገኝታለች። ልዩነቱ ወደ 140 ሺህ ራንድ ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ እንፈልገዋለን።

ሒሳቡን እንሥራ

ቶከን ስትገዙ ደረሰኙን ተመልከቱ። የከፈላችሁትን ራንድ ለሰጧችሁ ዩኒት አካፍሉት፤ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ያ ነው። አከራያችሁ በራሱ ቆጣሪ የሚሸጥላችሁ ከሆነ ከፍ ሊል ይችላል። ለምሳሌ ያህል 3.50 ራንድ ነው እንበል። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር ወደ 15 ዩኒት ይበላል። ስለዚህ፦

• ቤት ቻርጅ ስታደርጉ፦ 15 × 3.50 = 52.50 ራንድ
• ሞል ወይም ማደያ ባለው ፈጣን ቻርጀር፣ ዩኒቱ 7 ራንድ ቢሆን፦ 15 × 7 = 105 ራንድ
• ቤንዚን፣ 6 ሊትር በ21 ራንድ ቢሆን፦ 126 ራንድ

አያችሁ? ቤት የሚሰካ ሰው በየ100 ኪሎ ሜትሩ 73.50 ራንድ ያተርፋል። ውጭ የሚሰካው 21 ራንድ ብቻ ነው የሚያተርፈው።

አሁን 140 ሺህዋን እናምጣት። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ቤተሰብ ቤቱ እየሰካ በወር 735 ራንድ ያተርፋል። ልዩነቱን ለመመለስ ወደ 16 ዓመት ይፈጅበታል። ከጄፒ ዕቃ እየጫነ በየሎኬሽኑ ላሉ ሱቆች የሚያደርስ፣ በወር 3,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ነጋዴ ግን በወር 2,205 ራንድ ያተርፋል፤ በአምስት ዓመት ከጥቂት ወር ይመለስለታል። ሁልጊዜ ውጭ ለሚሰካ ሰው ግን ልዩነቱ የሚመለሰው ከ660 ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። ያን ያህል የሚነዳ ማን አለ?

ድሮውንም 340 ሺህ ራንድ የሚያወጣ የቤንዚን መኪና ልትገዙ አስባችሁ ከነበረ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል። ያኔ ቤታችሁ መሰካት ከቻላችሁ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ታተርፋላችሁ።

ምጣዱን አስቡት

ለዚህ ነው ከዋጋው በፊት «ሌሊቱን የት ያድራል?» የምንለው። የኤሌክትሪክ ምጣድና ጊዘር አብረው ሲበሩ ብሬከሩ እንደሚወርድ የማያውቅ የሐበሻ ቤት የለም። መኪናውን ተራ ሶኬት ላይ ስትሰኩት ከምጣዱ ያነሰ ኃይል ነው የሚወስደው፣ ወደ 2 ኪሎዋት ግድም። ችግሩ እንጀራ ጋግራችሁ ምጣዱን ትነቅሉታላችሁ፤ መኪናው ግን ባዶ ከሆነ 13 እና 14 ሰዓት ሙሉ ይጎትታል። ያረጀ ሽቦ ያለው ሕንፃ ይህን አይችለውም። ኤክስቴንሽን በመስኮት አውርዶ መሰካትማ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሽቦው ይግላል፣ እሳት ያመጣል፣ ልጆች ይረግጡታል።

የራሳችሁ የተዘጋ ፓርኪንግ ካላችሁ ከአከራዩ ወይም ከሕንፃው አስተዳደር በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ። መስመሩን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይዘርጋው፤ የደኅንነት የምስክር ወረቀቱንም ተቀበሉት። መኪናው መንገድ ዳር የሚያድር ከሆነ ግን እውነቱን እንነጋገር፦ ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪና ለእናንተ አይሆንም።

«መብራት ቢጠፋስ?» ትሉ ይሆናል። በ2023 ሎድ ሼዲንግ ምን እንዳደረገን አንረሳም። ነገር ግን በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የሚያስፈልገው 4 ወይም 5 ዩኒት ነው። አንድ ሁለት ሌሊት መብራት ቢጠፋ መኪናው አይቆምም። የሚያሳስበው ረጅም መንገድ ነው። የዶልፊን ሰርፍ አነስተኛው ባትሪ በፋብሪካው መለኪያ 232 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በፈጣን መንገድ ከዚያም ያንሳል። ፖሎክዋኔ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገድ ላይ ቆሞ ቻርጅ ማድረግ ግድ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ

በዚህ አገር ገበያ ርካሽ ሆነው የሚገኙት ያገለገሉት ኒሳን ሊፍና ቢኤምደብሊው አይ3 ናቸው። ሊፍ እዚህ መሸጥ የጀመረው በ2013 ነው። ባትሪው በፈሳሽ ስለማይቀዘቅዝ ሙቀት ይጎዳዋል። ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪውን ጤና የሚያሳዩ 12 ትናንሽ መስመሮች አሉ፤ ቁጠሯቸው። ብዙ ጎድለው ካገኛችሁ ዋጋው ምንም ያህል ቢያምር ተዉት። ለየትኛውም መኪና የባትሪው ዋስትና መቼ እንደሚያልቅ ጠይቁ፤ ብዙ ፋብሪካዎች 8 ዓመት ይሰጣሉ።

ወረቀትና ገንዘብ

የደቡብ አፍሪካ መታወቂያ የሌለው ሰው መኪና በስሙ ለማስመዝገብ የትራፊክ ሬጂስተር ቁጥር ያስፈልገዋል። መኪናውን ከመምረጣችሁ በፊት እሱን አውጡ። በጥገኝነት ወረቀት የባንክ ብድር ማግኘት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን በእቁብ ገንዘብ ነው የምንገዛው። ትልቅ ገንዘብ ስትከፍሉ ሻጩ ምንጩን ሊጠይቃችሁ ስለሚችል የሱቃችሁን ደረሰኞችና የባንክ ወረቀት አዘጋጁ። መኪናውን በሌላ ሰው ስም ማስመዝገብ ግን አደጋ ነው፤ ጠብ የመጣ ቀን መኪናው የእናንተ አይደለም። የኢንሹራንሱን ዋጋም ሳትገዙ ጠይቁ።

አገር ቤት ገንዘብ ለምትልኩ

«ጨምሩልኝና መኪና ልግዛ» የሚል ዘመድ ካላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት። ግቢው የራሱ ቆጣሪ አለው? መኪናው ለቻይና ገበያ የተሠራ ከሆነ ስክሪኑን የሚያስተካክልና የሚጠግን ባለሙያ አግኝቷል? ዋስትናውን አዲስ አበባ የሚያከብርለት ማን ነው? አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ ከቻይና ገበያ የሚመጡት መኪኖች ሶኬታቸው በደቡብ አፍሪካ ከሚሠራበት የአውሮፓ ሶኬት ይለያል። ቻርጀር ከዚህ ገዝታችሁ ብትልኩ ላይገጥም ይችላል።

ለልጆች

የኤሌክትሪክ መጓጓዣ አዲስ ነገር ይመስላችኋል? ጆሃንስበርግ ከ1906 እስከ 1961 በኤሌክትሪክ የሚሄዱ የመንገድ ባቡሮች ነበሯት። ደቡብ አፍሪካውያን ደግሞ «ጁል» የሚባል የራሳቸውን የኤሌክትሪክ መኪና ሠርተው በ2008 ፓሪስ ላይ አሳይተው ነበር፤ ለገበያ ሳይበቃ በ2012 ቀረ።

ሌላም አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጀነሬተር ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ከእንጦጦ ወደ ፒያሳ የሚወርድ ሹፌር መንገዱን ሳይጨርስ ትንሽ ኃይል ያተርፋል ማለት ነው።

አሁን የቤት ሥራ፦ ማታ ቆጣሪውን ሄዳችሁ አንብቡና ቁጥሩን ጻፉ። በማግስቱ ማታ እንደገና ጻፉ። ቤታችሁ በቀን ስንት ዩኒት ይበላል? መኪና ቢኖራችሁና በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ስንት ይጨመርበታል? ሠርታችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን ለእማማና ለአባባ አሳዩአቸው።