ፌስታልና ይሉኝታ

አርዲቦ ወሎ ውስጥ፣ ከሐይቅ ከተማ ከፍ ብሎ ተራሮች መሀል የተኛ ውሃ ነው። ሲሞላ ትርፉ በወንዝ ወርዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ወዳለበት ወደ ታችኛው ሐይቅ ይገባል፤ ያኛው መውጫ የለውም። ላይ የተጣለ ፌስታል ጎርፍ ካገኘው ማረፊያው የታወቀ ነው።

ስለ ፌስታል ሕግ አላጣንም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ከለከለ፤ ስሱ ፌስታል ግን ከየሱቁ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው ደግሞ ይዞ የተገኘን ሰው ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር ያስቀጣል።

እኔ ግን ጥፋቱ የሚጀምረው ከያዡ እጅ አይመስለኝም። ጉሊት ላይ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ሲመዘን፣ ገዢው አፉን ሳይከፍት ፌስታሉ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። «ይቅርብኝ» ለማለት መናገር ያስፈልጋል፤ ለመቀበል ዝም ማለት ይበቃል። በ2010 ዓ.ም. በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ሪቻርድ ቴለር ብዙ የጻፈው ስለዚህ ነው፦ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተዘጋጅቶ የቀረበለትን ይዞ ይሄዳል። አየርላንድ በ1994 ዓ.ም. በአንድ ፌስታል 15 የዩሮ ሳንቲም ስታስከፍል አጠቃቀሙ ከ90 በመቶ በላይ ወረደ። ሳንቲሟ ማንንም አላደኸየችም፤ ዝም ብሎ መቀበልን ግን አስቀረች።

እዚህ ከሳንቲም የሚከብድ ይሉኝታ አለ። ችግሩ፣ ዛሬ ለፌስታሉ አድሮ ነው የሚሠራው። ገዢው የተዘረጋለትን መመለስ ንቀት ይመስለዋል፤ ጎረምሳውማ ዘንቢል አንጠልጥሎ በአስፋልት ከሚሄድ ሽንኩርቱን በኪሱ ቢይዝ ይመርጣል። (እናቶቻችን ያለ ዘንቢል ገበያ አይወጡም ነበር።)

ወሎ ይህን ይሉኝታ የሚያዞር ተቋም አለው፤ ቅሬ። ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አብሮ የሚያስቀብረው። ከቀብር የቀረ አባል መቀጮ ይከፍላል፤ ግን መቀጮውን ፈርቶ የሚመጣ ማን አለ? የሚመጣው ነገ እሱ ቤትም ሰው እንዳይጠፋ፣ ዛሬም «እከሌ የት ቀረ?» እንዳይባል ነው። ፖሊስ የሁሉንም እጅ አያይም፤ ቅሬ ግን ያያል።

ለሻጯም ከቅጣቱ ይልቅ ይኸው ይሻላታል። ብቻዋን ፌስታል ብትነፍግ ደንበኛዋ አጠገቧ ካለችው ይገዛል። ቅሬዎች ተነጋግረው፣ አንድ የገበያ ቀን ሁሉም «ዘንቢልህስ?» ቢሉት ግን ወዴት ይሄዳል?