«ሀዋሳ» እና «ምሥራቅ»፦ የሁለት የቦታ ስሞች አመጣጥና አጻጻፍ

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በ275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል ስመ ጥሩው ሐይቅ ያዋስናታል። ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ወደዚሁ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ከከተማዪቱ ክፍለ ከተሞች አንዱ ምሥራቅ ይባላል። የሁለቱ ስሞች ምንጭ የተለያየ ስለ ሆነ የአጻጻፋቸውም ሕግ እንደዚሁ ይለያያል።

ሀዋሳ የሲዳምኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ሰፊ ውሃ ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ በመጀመሪያ የሐይቁ ነበር፤ ወደ ከተማዪቱ የተሻገረው በኋላ ነው። ከተማዪቱ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከመቆርቆሯ በፊት ስፍራው አዳሬ ይባል ነበር፤ ይኸውም የከብት መሰማሪያ መስክ ማለት እንደ ሆነ ይነገራል። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማነት ከይርጋለም ወደ ሐይቁ ዳር ሲዛወር የውሃው ስም ጸና፤ የመስኩ ስም ግን ዛሬ በከተማዪቱ ውስጥ በሚገኘው በአዳሬ ሆስፒታል መጠሪያነት ተጠብቆ ይኖራል።

በአማርኛ ጽሑፍ ስሙ ለብዙ ዘመን «አዋሳ» ወይም «አዋሣ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። የመነሻው «ሀ» በአማርኛ ተናጋሪ አፍ ስለ ላላ በካርታና በደብዳቤም ሳይጻፍ ቀረ። በኋላ ግን የባለቤቶቹን አነጋገር በመከተል «ሀ» ተመለሰ። ከተማዪቱ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት።

አንዳንዶች ግን ስሙን «ሐዋሳ» ብለው ይጽፋሉ። «ሐ» በግእዝ ከጉሮሮ የሚወጣ የተለየ ድምፅ ነበረው፤ በሲዳምኛ ግን ይህ ድምፅ የለም። ስሙ የግእዝ ሥር ስለሌለው «ሐ»ንም ሆነ «ሣ»ን የሚጠይቅ ምክንያት አይገኝም።

የ«ምሥራቅ» ጉዳይ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቃሉ ሠረቀ፣ ማለትም ወጣ ወይም ፀሐይ ብቅ አለች ከሚለው የግእዝ ግስ የተገኘ ሲሆን የመውጫ ስፍራ ማለት ነው። በ«ሰ» የሚጻፈው ሰረቀ ግን የሌባ ሥራ ነው። ስለዚህ በ«ምሥራቅ» ላይ ንጉሡ «ሠ» ትርጉም ይለያል፤ በ«ሀዋሳ» ላይ ግን ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ይህ ልዩነት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። «ሀ» በፊደል ገበታ መጀመሪያ ሲቆም «አ» ከብዙ ፊደላት በኋላ ይመጣል። በመሆኑም በ«አዋሳ» የተመዘገበ ሰነድ በ«ሀዋሳ» ለሚፈልግ ሰው አይገኝም፤ የትውልድ ስፍራው በሁለት ዓይነት የተጻፈለት ሰውም ሁለት አገር የተወለደ ይመስላል። ስለሆነም ዋናው አርእስት «ሀዋሳ» ሆኖ፣ በ«አዋሳ» ሥር «ሀዋሳን ተመልከት» የሚል አመልካች ሊቀመጥ ይገባል። የቆዩ ሰነዶች ግን እንደ ተጻፉ ሊጠበቁ ይገባል። የቦታ ስም አጻጻፍ የሚወሰነው ስሙ ከተገኘበት ቋንቋ እንጂ ከጸሐፊው ልማድ መሆን የለበትም።