ለዳገት ትልቅ ጂግለር? የቮልስ ካርቡሬተር በዋግ ከፍታ

«አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ይደክማል፤ ቤንዚን ጨምርለት» የሚል ምክር የድሮ ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቷል። በግራ ካህሱ ጠመዝማዛ ከአላማጣ ወደ ኮረም፣ ከዚያም በዋግ ወዳሉት ሰቆጣና አምደወርቅ ለሚወጣ መኪና ግን እውነታው ተገላቢጦሹ ነው።

አላማጣ ከባሕር ጠለል በላይ 1500 ሜትር፣ ኮረም 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በሰቆጣ አካባቢ፣ 2200 ሜትር ላይ፣ የአየሩ እፍጋት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ቤንዚኑን መጥኖ የሚያሳልፈው የጂግለሩ ቀዳዳ ግን እንደነበረው ነው፤ ቤንዚኑ አየሩ በሳሳበት ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ 10 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። የደከመው ሞተር ቤንዚን በዝቶበታል እንጂ አላነሰውም። ትልቅ ጂግለር ሲጨመርበት ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ዘይቱን ያጥባል።

የ1600 ሲሲ ቮልስ ሶሌክስ 34 ካርቡሬተር ዋና ጂግለር ብዙ ጊዜ 127.5 ነው፤ የቀዳዳው ስፋት 1.275 ሚሊሜትር ማለት ነው። ለዚህ ከፍታ ከ120 እስከ 122.5 ጥሩ መነሻ ነው። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን ስፋቱ በ5 በመቶ ሲቀንስ የቀዳዳው አፍ በ10 በመቶ ገደማ ይጠባል። ልክ መሆኑን ለማወቅ ዳገቱ መሃል ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ ካንዴላ ፈትቶ ማየት ነው፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው።

«ሚኒሞውን ካስተካከልከው ይበቃል» የሚሉም አሉ። የሚኒሞ ብሎን የሚያዝዘው መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ነው፤ ዳገት ላይ ጋዝ ሲረገጥ ሥራው የዋናው ጂግለር ነው።

የተደፈነ ጂግለር በሽቦ መጎርጎር ግን የለየለት ጥፋት ነው። ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ሽቦው ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ያኔ የተጻፈበት ቁጥር ዋጋ የለውም። በቤንዚን አጥቦ በአየር መንፋት ይሻላል።

ትክክለኛው ጂግለርም ቢሆን የጠፋውን ጉልበት ሁሉ አይመልስም። አንድ አምስተኛው ያህል ከአየሩ ጋር ሄዷል፤ ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ መውጣት ግድ ነው።

በመልስ ጉዞ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ለደጋ የጠበበው ጂግለር አላማጣ ሲደርስ ቤንዚን ያሳንሳል፤ በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስ ሞተር ይግላል፣ ሲብስ ፒስተን ይቃጠላል። ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው 127.5ቱን ይዞ ይጓዝ። ጂግለሩ የሚለወጠው ከካርቡሬተሩ የቤንዚን ማጠራቀሚያ ጎን ያለውን ብሎን ፈትቶ ነው፤ ሲፈታ ቤንዚን ስለሚፈስ ሞተሩ በደንብ መቀዝቀዝ አለበት።